በጡትና በገንፎ መሃል የገባው አጥሚት

ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። አያት "ይሄ ልጅ ጡት ብቻ የት ይደርስለታል? እህል አቅምሺው እንጂ" ትላለች። እናት ደግሞ ምግብ ከበዛበት ጡቱን ይተዋል ብላ ትሰጋለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ጡቱን ሳትቀንሺ ምግብ ጨምሪለት" ብላ ትሸኛታለች። ስልክ ላይ ያለው ሐኪም በበኩሉ በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ወተት እንደሚያስፈልግ በሰንጠረዥ ያሳያል። እናትየዋ ሦስት ምክርና የራሷን ስጋት ይዛ አንድ ልጅ ፊት ትቀመጣለች።

በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት አመጋገብ አዲስ መመሪያ ሲያወጣ ግራ መጋባቱ ጨመረ። መመሪያው ጡት ለማይጠባ ልጅ ከስድስት ወር ጀምሮ የእንስሳት ወተት መስጠት ይቻላል ይላል። "ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት እንዳትሰጪው" ሲባል ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ "ወተት ይብዛ ወይስ ምግብ?" በሚል ይነሳል። አነሳሱ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ወተትና ምግብ ያን ያህል አይሻሙም። በእኛ ቤት የሁለቱንም ቦታ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ ጡጦ ሙሉ ቀጭን አጥሚት።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ኪሎ ካሎሪ ምግብ የሚሰጠን ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ስሌት ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በቀን 615 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። በደንብ የሚጠባ ከሆነ ከዚህ ውስጥ 413ቱን ከጡት ያገኛል። ከምግብ የሚጠበቀው 200 ብቻ ነው። ከ9 እስከ 11 ወር ፍላጎቱ 686 ይደርሳል፤ የምግቡ ድርሻም ወደ 300 ከፍ ይላል። ዓመት ካለፈው በኋላ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ 894 ይፈልጋል። ያኔ ጡት 346፣ ምግብ 550 ገደማ ይሸፍናሉ።

ቁጥሮቹ አማካይ ናቸው፤ ማንም እናት ካሎሪ እየቆጠረች አታጠባም። አካሄዳቸው ግን ግልጽ ነው። በስምንት ወሩ የልጁ ጉልበት ሁለት ሦስተኛ አሁንም የሚመጣው ከጡት ነው። ምግቡ "ተጨማሪ ምግብ" የተባለውም ለዚህ ነው። ይጨመራል እንጂ አይተካም። ሚዛኑ ወደ ምግብ የሚያጋድለው ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ታዲያ ጡት ብቻውን ለምን አይዘልቅም? ከጉልበት ይልቅ ቀድሞ የሚያልቀው ብረት ነው። ብረት ለደም የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ልጅ ከእናቱ ሆድ የተወሰነ የብረት ስንቅ ይዞ ይወጣል። ስንቁ ወደ ስድስት ወር ገደማ ይሟጠጣል። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ቢሆንም መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከ9 ወር በኋላ ልጁ የሚያስፈልገው ብረት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከማንኪያ መምጣት አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ወባና የሆድ ትላትል የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የምግቡም ድርሻ ቀላል አይደለም።

አንድ ብርጭቆ የምታህል ሆድ

የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ። ሁሉም ነገር በዚህች ብርጭቆ ነው የሚወሰነው።

ብርጭቆዋን በሦስት ነገር እንሙላት። መጀመሪያ አጥሚት፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የፈላ። ዱቄቱ 20 ግራም ቢሆን ጠቅላላ ጉልበቱ 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ቀጥሎ የጡት ወተት፦ ያው ብርጭቆ ከ150 በላይ ይሰጣል። በመጨረሻ ወፈር ያለ ገንፎ፦ 45 ግራም ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ከገባበት ወደ 200 ይጠጋል። ልጁ ገንፎውን ግማሹን በልቶ ፊቱን ቢያዞር እንኳ ጡጦ ሙሉ አጥሚት ከጨረሰው ልጅ የበለጠ አግኝቷል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀጭኑ አጥሚት ከጡት ወተት እንኳ በግማሽ ያነሰ ጉልበት ነው ያለው። ልጁ ግን ሆዱ ስለተነፋ ይተኛል። ሲነሳም ጡት በደንብ አይጠባም። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት መሥራቱን ይቀንሳል፤ ጡት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናትየዋ "ወተቴ ደረቀ" ትላለች። አጥሚቱ ይጨመራል። "ምግብ ጡት አስተወው" የሚባለው ታሪክ ውስጡ ሲታይ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አጥሚት የሚመረጠው ግን በስንፍና አይደለም። ወፍራሙ ያንቀዋል ወይም ሆዱን ያደርቀዋል የሚል ስጋት አለ። ዱቄትም ይበረክታል። ሞግዚት በማንኪያ ግማሽ ሰዓት ከምትለማመጠው በጡጦ አምስት ደቂቃ ይበቃታል። አጥሚቱ ትንሽ ከወፈረ የጡጦው ጫፍ በጋለ መርፌ ይሰፋል። ጡጦው ሥራውን አቃለለ፤ ልጁ ግን ማኘክና መዋጥ የሚማርበት ጊዜ አለፈው።

መለኪያው ቀላል ነው። ገንፎውን በማንኪያ ዝቆ ዘንበል ማድረግ ነው። ማንኪያው ላይ ተይዞ ከቆየ ጥሩ ነው። እንደ ሾርባ ከወረደ ቀጥኗል።

ወፍራም ሲሆን አልዋጥ ለሚለው ልጅ ደግሞ ጓዳችን ውስጥ መላ አለ፤ ብቅል። የበቀለ እህል ኢንዛይም ይይዛል። ኢንዛይም ማለት ሌላውን ነገር የሚፈጭና የሚሰባብር በተፈጥሮ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ወፍራም ገንፎ ከተሠራ በኋላ ትንሽ በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጣል ቢደረግበት በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል። ውሃ ሳይጨመር፣ ጉልበቱ ሳይቀንስ። ከዚያ መልሶ ማፍላት ያስፈልጋል። ብቅሉ ደግሞ ሻጋታ ያልነካው መሆን አለበት። ለጠላ የተረሳ ብቅል ለሕፃን አይሆንም። እህል ሲበቅልና ሲቦካ ፋይቴት የሚባለው ነገርም ይቀንሳል። ፋይቴት እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለ፣ ብረትን አስሮ የሚያስቀር ንጥረ ነገር ነው።

አሥራ አምስት እህል፣ ሁለት ምድብ

ለልጅ ተብሎ የሚዘጋጅ ምጥን ዱቄት አሁን በየሱፐርማርኬቱ አለ። ብዙ እናቶችም ራሳቸው አስፈጭተው ያዘጋጃሉ። ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፋፋ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ሲጀመር መነሻው እህልን ከጥራጥሬ ጋር ማዋሃድ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የአንዱ ፕሮቲን የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። ከቡላ ብቻ ከተሠራ አጥሚት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፤ ስታርች ጉልበት እንጂ ፕሮቲን አይሰጥም።

ችግሩ የሚመጣው የእህሉ ብዛት "የተሟላ ምግብ" ሲመስል ነው። በሥነ ምግብ አቆጣጠር የሕፃን ምግብ በስምንት ምድብ ይከፈላል፦ የጡት ወተት፣ እህልና ሥራሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና እርጎ፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። በቀን ቢያንስ አምስቱ እንዲነኩ ይመከራል። አሥራ አምስት ዓይነት እህልና ጥራጥሬ የተፈጨበት ምጥን በዚህ ቆጠራ ሁለት ብቻ ነው። ጡት ሲጨመር ሦስት። አንድ እንቁላልና ሩብ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ቢታከልበት አምስት ይሞላል።

የ2016ቱ ጥናት ይህንን ክፍተት በግልጽ ያሳያል። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች 45 በመቶው በቀን የሚገባቸውን ያህል ጊዜ ይመገቡ ነበር። በዓይነት የተሰባጠረ ምግብ ያገኙት ግን 14 በመቶ ናቸው። ሁለቱንም አሟልተው ያገኙት 7 በመቶ ብቻ። ስለዚህ "አይበላም" ከሚለው ይልቅ "አንድ ዓይነት ነው የሚበላው" የሚለው ወደ እውነቱ ይቀርባል። ዋጋው እንዳለ ሆኖ፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። እንቁላል እየሸጡ ለልጅ ብስኩት የሚገዛበት ቤት አለ።

ጾምም እዚህ ውስጥ ይገባል። ሕፃናት እንዲጾሙ ቤተ ክርስቲያን አታዝም፤ ለልጆች የጾም ነገር የሚነሳው ከሰባት ዓመት ወዲህ ነው። ነገር ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት እናት ለልጇ ብላ እንቁላልና ቅቤ ብታነሳ ድስቱ፣ ማንኪያው፣ እጇ ይነካካል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ልጁ ሳይጾም ይጾማል። ለስምንት ወር ሕፃን 55 ቀን ረጅም ዕድሜ ነው። የልጁን ድስትና ማንኪያ ለብቻ ማድረግ ብዙውን ጭንቀት ያቀልላል።

ጡቱ ይቅደም ማንኪያው?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በላይ ያስጨንቃል። የተለመደው ምክር በመጀመሪያዎቹ ወራት ጡት አስቀድሞ ምግቡን ማስከተል ነው። ምክንያቱም ያኔ ዋናው ምግብ ጡት ነው። ወደ ዘጠኝ ወር ሲጠጋ ግን ጡት ጠግቦ ማንኪያ የሚገፋ ልጅ አለ። ለሱ ምግቡን አስቀድሞ ጡቱን ማስከተል ወይም በመሃላቸው አንድ ሰዓት መተው ይጠቅማል። ከቅደም ተከተሉ ይልቅ ሌሊትና ማለዳ የሚጠባው ጡት አለመቋረጡ ይበልጣል።

የመጠኑ ነገር እንዲህ ነው። ሲጀመር በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ። በስምንት ወር ገደማ የ250 ሚሊ ሊትር ስኒ ግማሽ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ያው ግማሽ ስኒ፣ ግን በቀን ሦስቴ አራቴ፣ በመሃል መክሰስ ተጨምሮ። ዓመት ካለፈው ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ስኒ። ምግቡ እየላመ ሳይሆን እየጎረበጠ መሄድ አለበት፤ ከተፈጨው ወደ ተደቆሰው፣ ከዚያ ወደ ተከተፈው።

አንድ ልማድ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። መጋት። ልጁን አጋድሞ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ በእጅ መዳፍ ማንቆርቆር። "እንዲጠነክር" ተብሎ ይደረጋል። ልጁ ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። ከዚያም ባሻገር ማንኪያ ባየ ቁጥር የሚያለቅስ ልጅ ያተርፋል። ሦስት ጊዜ እምቢ ያለውን ምግብ በሌላ ቀን ደግሞ ማቅመስ ያዋጣል፤ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ደጋግሞ መቅመስ ይፈልጋል። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። ሻይም አይሰጥም፤ ታኒን የሚባለው ነገር ብረቱን ይይዝበታል። በሻይ የተነከረ ዳቦ የብዙ ልጆች ቁርስ መሆኑ ያሳዝናል።

የላም ወተት፦ ስድስት ወር ወይስ ዓመት?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ሆነ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ከ12 ወር በፊት አይሁን ይላሉ። ምክንያታቸው በዋናነት ብረት ነው። ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ አሜሪካ ውስጥ የሚመከረው ብረት በቀን 11 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም እንኳ የለም። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ከሌላ ምግብ የሚመጣውንም ብረት መምጠጥ ያዳክማሉ። በአንዳንድ ሕፃናት አንጀት ላይ በዓይን የማይታይ መድማት ያስከትላል። ፕሮቲኑና ጨዉም ለታዳጊ ኩላሊት ይበዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አልካደም። የመዘነው ሌላውን ወገን ነው። በላም ወተት ፈንታ የሚሰጠው፣ ለሕፃን ተብሎ የሚዘጋጀው የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ውድ ነው። ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ማስረጃዎቹን ሲመረምርም በስድስት ወርና በዓመት መካከል የሚታየው ልዩነት በዋናነት የብረት ሆኖ አገኘው፤ የማስረጃው ጥንካሬም ዝቅተኛ ነው። ብረቱ ከሌላ ምግብ ወይም ከሚታዘዝ ብረት ከተገኘ የላም ወተት መስጠት ይቻላል የሚል ልል ምክር ሰጠ። ምክሩ ጡት ለማይጠቡ ልጆች እንጂ ጡት ለሚጠባ ልጅ ጡቱን በላም ወተት ይተኩ ማለት አይደለም። ይህ መስመር በየቦታው ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት ቤት ይለያያል። የቆርቆሮ ወተት ሳይቸገር በልኩ የሚበጠብጥ ቤት እስከ ዓመት በዚያው ቢቀጥል ይሻላል። ቆርቆሮው ወር እንዲደርስ ብሎ አንዱን መስፈሪያ ለሁለት ብርጭቆ የሚያደርግ ቤት ግን ሌላ ነው። የቀጠነ የቆርቆሮ ወተት ያው በሌላ ስሙ አጥሚት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ከስድስት ወር ወዲህ በደንብ የፈላ፣ ስቡ ያልወጣ የላም ወተትና በየቀኑ እንቁላል፣ ምስር፣ ሲገኝም ጉበት ከስቃይ ያድናሉ። ጥሬ ወተት ግን በየትኛውም ቤት አይሆንም፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በሱ ይተላለፋሉ። ከዓመት በላይ ላሉት "የማደጊያ ወተት" እየተባለ የሚሸጠውን ደግሞ ያው የ2023 መመሪያ አይመክርም።

"እዚህ አገር በአራት ወር ነው የሚጀምሩት"

ጀርመን ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር የወለደች እናት ይህን ለአገር ቤት ዘመዶቿ ስትነግር ይደነግጣሉ። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት፣ የጉበትና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው አቋም ተጨማሪ ምግብ ከ17ኛው ሳምንት በፊት አይጀመር፣ ከ26ኛውም አይዘግይ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር የሚለው ደግሞ ለመላው ዓለም ነው። በዋናነት የሚያስበው ስለ ተቅማጥና ኢንፌክሽን ነው። ቧንቧ ውሃው በሚጠጣበት ከተማ ያ አደጋ ትንሽ ነው፤ እዚያ የሚያሳስበው የብረትና የአለርጂ ነገር ነው። ስለዚህ ውጭ ያለች እናት የልጇን ሐኪም መስማቷ ስህተት አይደለም። ምክሩን ስልክ ደውላ ለደብረ ብርሃን እህቷ ማስተላለፏ ነው ችግሩ።

ዘጠና ቀን

የኢትዮጵያ ሕግ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። መመሪያው ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል። በመካከል ሦስት ወር ጉድለት አለ። ጡጦው የሚገባውም፣ አጥሚቱ የሚጀመረውም በዚህ ክፍተት ነው። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ አራት ቀን ይቆያል። የማለቢያ ቦታ ያለው መሥሪያ ቤት ግን ስንት ነው? ጉሊት የምትሸጠዋ ደግሞ ዘጠና ቀኑንም አታገኘውም።

ዓመት ካለፈው በኋላ

ዓመት ሲሞላው ስህተቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ጡት የተወ ልጅ ቀኑን ሙሉ ወተት በጡጦ ይዞ ይዞራል። ምሳ ሲቀርብለት አይርበውም። ፊቱ ይገረጣል፤ ሐኪም ቤት ሲሄድ ደም ማነስ ይባላል። በዚህ ዕድሜ ጡት የማይጠባ ልጅ ሥጋና እንቁላል የሚያገኝ ከሆነ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ወተት ይበቃዋል። ካላገኘ ከ300 እስከ 500። ሁለት ብርጭቆ ማለት ነው፤ በስኒ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ገና የሚጠባውን ልጅ ደግሞ እናት ዳግም ስታረግዝ በአንድ ቀን ማስጣል የተለመደ ነው። ጡቷ ጫፍ ላይ እሬት ትቀባለች፤ ልጁ ቀምሶ ይሸሻል። "እርጉዝ ጡት ያሳምመዋል" ይባላል፤ ጤናማ እርግዝና ላይ ግን ወተቱ ልጁን አይጎዳውም። በዚያች ቀን ከልጁ ላይ 346 ኪሎ ካሎሪ ይነሳል። ገበታው ላይ ያለው ሽሮና እንጀራ በማግሥቱ አይጨምርም። ማስጣል ግድ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ አንድ ጊዜ እየቀነሱ፣ በቀነሱት ቦታ አንድ እንቁላል ወይም ግማሽ ስኒ ወፍራም ገንፎ እያስገቡ መሄድ ይቻላል። የሌሊቱ ጡት መጨረሻ ይቀራል።